የሰባተኛው ቤት ቅጽ

በአፍ የተነገረች ሐሰት ነፋስ ይወስዳታል፤ በመዝገብ የሰፈረች ሐሰት ግን ሰው እስክትበላ ድረስ ታደባለች። ለዚህ ምስክሩ የሚከተለው ነው።

ማክሰኞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በአውስትራሊያ በረሃ መካከል ባለ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ አንዲት አሮጊት ራሷን ተመትታ፣ ሞታ ተገኘች። በዚያ አገር የሟች ስም አይጠራምና እኛም እንደ ዘመዶቿ ኩማንጃይ እንበላት። የነባሩን ሕዝብ ልጆች ትምህርት ለሚመዝን ጥናት ዐሥር ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት ዞራ፣ እነዚያኑ ልጆች በየዓመቱ ጠይቃለች።

በማግስቱ የዚያው ሕዝብ ልጅ የሆነችው ሳጅን ደልሲ ናፑሩላ ደረሰች፤ ከሟች እኅት ከእማማ ቢዲ ፊትም መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ የተጣላችው ሰው ነበር?»

«የወንድማችን ልጅ ሊንዚ ነው እንዳትዪኝ ብቻ! ‹መኪናዬን አትንዳ› ስላለችው ይጮኻል እንጂ፣ ያ ሰነፍ ዝንብ እንኳ አያባርርም።» አሮጊቷ አፈሩን በጣቷ ጫረች። «ያናደዳት የልጅ ልጄ የታርሊና የጥናት ወረቀት ነው። ‹በደንብ ታነባለች› ይላል አሉ። ልጅቱ እኮ የገዛ ስሟን አታነብም! በዚሁ ሰበብ የንባብ አስተማሪዋን ወሰዱብን። ኩማንጃይም ‹ሐሙስ በአውሮፕላን ከተማ ሄጄ አፈርጠዋለሁ፤ አስተማሪዋንም አስመልሳለሁ› ብላ ነበር።»

የሟች የወንድም ልጅ ሊንዚ ሲጠየቅ ተነጫነጨ። «ከመኪናዬ ሥር ተጋድሜ ነበር። ካላመንሽ ሞተሩን ጠይቂው!»

የጥናቱ ኃላፊ ዴስሞንድ ፔሊንግ ግን ጨዋ ነበር። «ማክሰኞ ከስምንት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሰባተኛው ቤት፣ እነታርሊና ዘንድ፣ ልጅቱን እየጠየቅሁ ነበር። ቅጹ ይኸው። አያቷም ሻይ አፍልተውልኛል።»

ደልሲ ወደ ሰባተኛው ቤት ሄደች። ከአጥሩ ውጭ ቆመች፤ ፖሊስ ብትሆንም አጥሩን አላለፈችም። በሩ በሽቦ ታስሯል። በቅርንጫፍ በተጠረገው ግቢ ላይ ከቁራ ጥፍር በቀር ዱካ የለም።

ሐሙስ ጠዋት እማማ ቢዲን፣ ሊንዚን፣ ዴስሞንድንና የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህርት በትምህርት ቤቱ ዳስ ሰበሰበቻቸው።

«ሊንዚ ቁጡ ነው፤ ነገር ግን መኪናውን ሲፈታ ሦስት ጎረቤቶች አይተውታል። ርእሰ መምህርቷ በመልካሙ ውጤት ተመስግናለች፤ ሆኖም እስኪመሽ ከወላጆች ጋር ነበረች። አቶ ዴስሞንድ፣ እርስዎ ሰባተኛው ቤት ነበርሁ ብለዋል።»

«ብያለሁ።»

«በዚያ ቤት ባለፈው ወር የታርሊና አጎት ሞቷል። ሰው የሞተበት ቤት በጭስ ሳይታጠን አይገባበትም። ቤተ ሰቡ የሟቹን ዱካ ጠርጎ ለቅሶ ሰፈር ወርዷል። ይህን ያልሰማ የመንደሩ ሕፃን የለም። እርስዎ ግን ልጆቹን የሚያውቋቸው በወረቀት ብቻ ነው።»

«ሻይ አፈላሁልህ?» አለች እማማ ቢዲ። «በየትኛው እጄ?»



«በውሸትዎ ምክንያት ዛሬ ማለዳ የብርበራ ፈቃድ አገኘሁ» አለች ደልሲ። «ኩማንጃይ የሞላቻቸው እውነተኛ ቅጾች በሻንጣዎ፣ ደሟ የነካው ብረት በመኪናዎ ወንበር ሥር ተገኝተዋል። እሷ ያመጣችውን መልስ እያነሡ የራስዎን ይተኩ ነበር። ይህንን ዛሬ ከተማ ሄዳ እንዳታፈርጥ ገደሏት።»

ዴስሞንድ ከመቀመጫው ተነሣ። «ቁጥሩ ካላማረ ጥናቱ ይዘጋ ነበር! ለልጆቹ ብዬ ነው!»

«ልጅቱ እኮ አሁንም አታነብም» አለች እማማ ቢዲ።

በሻንጣው የተገኙት ቅጾች የዘንድሮ ብቻ ነበሩ፤ የቀደሙት ዓመታት እውነተኛ መልስ ከሐሰተኛው ሊለይ ስላልቻለ የዐሥሩ ዓመት መዝገብ ሁሉ ተጣለ፤ ጥናቱም ተዘጋ። የንባብ አስተማሪዋ አልተመለሰችም። ታርሊና በዓመቱ መጨረሻ ትምህርቷን ተወች። ዴስሞንድ ፔሊንግ በነፍስ ግድያ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ ሃያ ዓመት ሳይታሰርም በአመክሮ እንዳይወጣ ተወሰነ።