ያልተመዘዘው ቢላዋ

የቁስጥንጥንያ ሕዝብ ሁሉ እያየ ሰረገላ ነጂው ሊዮንቲዮስ ሞተ። ሰረገላው በውድድር መሀል ሲገለበጥ፣ እንደ ነጂዎች ልማድ ወገቡ ላይ የጠመጠመው የልጓም ጠፍር ከፈረሶቹ ኋላ ጎተተው። ጠፍሩን የሚቆርጥበት ቢላዋ ጎኑ ላይ ነበር። መርማሪው አካኪዮስ ሬሳው ላይ ጎንበስ ብሎ ቢላዋውን ሲስበው ከሰገባው ጋር በሙጫ ተጣብቆ አገኘው።

ጥርጣሬው ሙጫ ከእጁ በማይጠፋው በጠፍር ሰፊው በባርዳኔስ ላይ ወደቀ። ከሮም የመጣው ገዥ፣ እኛ ሂፖድሮም የምንለውን የውድድር ሜዳ በአገሩ አፍ «ኪርኩስ» ማለትም ክብ እያለ የሚጠራው ችኩል ሰው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የባርዳኔስ አንገት እንዲቀላ አዘዘ። የባርዳኔስ ሚስት የፈረሶቹን በረት በር ይዛ ድምጿ እስኪዘጋ አለቀሰች።

አካኪዮስ ሁለተኛውን ነጂ ካሊኒኮስን አስጠራ። ካሊኒኮስ በሟቹ ይቀና እንደነበር አልደበቀም።

«ጠዋት ቢላዋውን መዞ አልሞከረውም?»

«ይቀልዳሉ ጌታዬ? ከውድድር በፊት ቢላዋ የመዘዘ ውድቀቱን በገዛ አፉ ጠራ ማለት ነው። በበረቱ ይህን የማያውቅ የለም።»

አካኪዮስ ሰገባውን አሸተተው። ከዚያ የሟቹን እናት ሶፍሮኒያን ጨምሮ ሁሉንም በበረቱ ሰበሰበ።

«ሊገድለው የፈለገ ስለቱን ያደንዘው ነበር» አለ። «ያጣበቀው ሰው ግን ሊዮንቲዮስ ቢላዋውን ሞክሮ እምቢ ሲለው ከውድድሩ እንዲቀር ነው የፈለገው። የበረቱ ሰው ነጂ ቢላዋውን እንደማይሞክር ያውቃል። ስለዚህ ይህ ሰው እዚህ ውሎ አያውቅም። ሙጫውም የቆዳ ሙጫ አይደለም፤ የወይን ጋን የሚታሸግበት የጥድ ሙጫ ነው። ከቤት የመጣ ነው።»

ሂፖድሮም ሴት አይገባበትም፤ በረቱም ሴት አይውልበትም። ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ ሶፍሮኒያ ዞረ።

«ባርዳኔስን ፍቱት» አለች። «የልጄን አባትም እዚያው ነው ያጣሁት። ቢላዋው ካልሠራ አይነዳም፣ አንድ ቀን እንኳ ይተርፍልኛል ብዬ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለ ሂፖድሮም ምን ማለት ነው አለኝ። የድሮ ሰዎች ፈረስንና ሩጫን አጋጥመው ያወጡት ስም ነው፤ የፈረስ መሮጫ ማለት ነው አልኩት። ሰውስ የለበትም? አለኝ። የለበትም ልጄ፣ አንተ ምን ቤት ነህ? አልኩት።»

ባርዳኔስ ተፈታ፤ ሚስቱም አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሶፍሮኒያ ወታደሮቹ ሳይወስዷት አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ልጇ የወደቀበትን ቦታ እንዲያሳዩዋት።

አካኪዮስ ልማዱን ጥሶ የሂፖድሮሙን በር ከፈተላት። ገብታ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀችው። እሱም ቦታውን ፈልጎ አጣው። አሸዋው ለነገ ውድድር ተደልድሎ ነበር።