ዝንብ ያረፈበት ሲሊከን

ንጹሕ ነው ብላችሁ የነካችሁት ነገር ጣታችሁ ሥር ተንቀሳቅሶባችሁ ያውቃል? እኔ ጂን፣ ቡዳ፣ ዛር የሚባል ነገር አምኜ አላውቅም፣ ድሬዳዋ ውስጥ ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ተማሪ ሲፈራ እንኳ «መጀመሪያ ምክንያቱን እንፈልግ» ነው የምለው፣ እመኑኝ፣ የዚህንም ምክንያት ፈልጌያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ዓይነት ሲሊከን ሰው ገላ ውስጥ ገብቶ ስኳር እንዲለካ ወይም ነርቭ እንዲያዳምጥ ከተፈለገ፣ ሕያው ሴል ሊቀበለው ይገባል፣ ባዶውን ከሆነ ሴሉ በደንብ አይጣበቅበትም፣ ከብየዳ የቀረ ብረት ካለበት ደግሞ ይመርዘዋል፣ ስለዚህ በደንብ ይታጠብና ስስ የፕሮቲን ልብስ ይለብሳል፣ ለምሳሌ ጀላቲን። ይህን ለማሳየት እዚሁ ከተማችን ካለው ታይዋን ከሚባለው ገበያ የተሰበረ የሶላር ፓነል ቁራጭ አመጣሁ። ላቦራቶሪያችን አንዲት ክፍል ናት፣ አለቃችን «ላቦራቶሪውን ሊገመግሙ የሚመጡት እንግዶች የሚታይ ነገር ካላገኙ መጋዘን ትሆናለች» ብሎኛል፣ ያኔ ሳይንስ ለልጆቼ ሰሌዳ ላይ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

የላቦራቶሪ ረዳቷ ነኢማ፣ የመጋላ ሰፈር ልጅ፣ የጀላቲኑን ጠርሙስ አገላብጣ አየችው።

«አቦ ቲቸር፣ ይሄ እኮ የአሳማ ነው። ወላሂ እጄን አላስገባም!»

«ነኢማ፣ ብይው አላልኩሽም።»

«አንተ ብላው! እኔ የግመል ጅማት አመጣልሃለሁ፣ ያውም ሐላል።»

ጅማትም ሲቀቀል ጀላቲን ይወጣዋልና ቀቀልነው። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፣ እርጥብ ቆዳና የቆየ ስብ፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ። አጣርተን ሲሊከኑን ቀባነው፣ ሲደርቅ ከማሳያ ዓሣችን የነቀልነውን ቅርፊት አኖርንበትና ክዳን ባለው ሳሕን ውስጥ ዘጋነው፣ ከቅርፊቱ የቆዳ ሴሎች እየተሳቡ ይወጣሉ፣ ይህ የታወቀ ነው፣ ግን በማጉያ ብቻ ነው የሚታዩት።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ከተማው በሙቀቱ በር ዘግቶ በተኛበት ሰዓት፣ እንግዶቹ ሳይመጡ ላየው ብቻዬን ገባሁ። መጀመሪያ ድምፅ ሰማሁ፣ የተጣበቀ ከንፈር ሲላቀቅ የሚያሰማው ዓይነት፣ ጧ፣ ጧ። የሳሕኑ ክዳን ከውስጥ አልቦታል፣ ሙቀቱ ነው አልኩ። ከፈትኩት። ሲሊከኑ አይታይም፣ ላዩን ግራጫ፣ ወዛም፣ የተሸበሸበ ነገር ሸፍኖታል፣ ሻጋታ ነው አልኩ። ከዚያ ዝንብ መጥቶ አረፈበት።

ንዝር አለ።

ግመል ዝንብ ሲያርፍባት ሌላው ገላዋ ሳይነቃነቅ እዚያው ላይ ቆዳዋን ብቻ እንደምታርገፈግፈው፣ ልክ እንደዚያ፣ ዝንቡ ተነስቶ ሌላ ጥግ ሲያርፍ እዚያም ነዘረ። አሁን አስቡት፣ የተቀቀለ ጅማት ሕይወት የለውም፣ የዓሣ ቅርፊት ጡንቻ የለውም፣ ታዲያ የዝንቡን ማረፍ ማን አወቀ? በጓንት ጫን አልኩት፣ ለብ ያለ ነበር፣ እከኩኝ እንደሚል ከብትም ወደ ጣቴ ተጠጋ። ጓንቱን አውልቄ መታጠቢያው ውስጥ ጣልኩት።

ነኢማ ገብታ አየችው። «አዑዙ ቢላሂ! ድፋው!»

«እንግዶቹስ?»

«ድፋው አልኩህ እኮ፣ ቲቸር!»

አልደፋሁትም። ክዳኑን ገጥሜ አሳየሁ፣ እንግዶቹ «ሴሉ ተቀብሎታል፣ ግሩም ነው» አሉ፣ ክፍሏም ተረፈች። ነኢማ በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረች። እኔ በማግስቱ ሳሕኑን ልደፋ ስመለስ፣ ክዳኑ እንደተገጠመ፣ ውስጡ ባዶ ሲሊከን ብቻ ነበር፣ የተላሰ ያህል ያብረቀርቃል። ያ የለበሰው ነገር የት እንደሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ በየቀኑ ግን እዚያችው ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ፣ ጠረጴዛ አልደገፍም፣ የጠረጴዛ ሥር አልዳስስም።

እባካችሁ እናንተም ሞክሩት። የተቀቀለ ጅማት ውሃ ንጹሕ ብርጭቆ ላይ ቀብታችሁ አድርቁ፣ ዝንብ እስኪያርፍበት ጠብቁ፣ ዝም ካለ ንገሩኝ። ካልሆነ ግን በጣታችሁ አትንኩት።