የተንበረከከው ገጽ

በአዝማር መንግሥት የዙፋን ቀን፣ ንጉሥ ዘርሙን እጁን ነገሥታቱ ሁሉ በሚምሉበት የቃል ኪዳን ሥዕል ላይ አሳርፎ ሲምል፣ ከሥዕሉ ጠርዝ ነጭ ትል ጣቱ ላይ ወደቀ። በዚያው ሰዓት ከቤተ መንግሥቱ ሥር የሚፈሰውና ለዓመታት ሲደፈርስ የኖረው የሐሙር ወንዝ እንደ በድን ከረፋ።

ወጣቷ ክፈፍ ሠሪ ሐመልዝ ሥዕሉን እንድታጸዳ ታዘዘች። የተሣለበት ወረቀት በቆዳ ሙጫ ከሳንቃ ጋር ተጣብቆ ኖሮ፣ ሙጫው በስብሶ እንደ መግል ይዝለገለግ ነበር። በለብታ ውሃ እያራሰች፣ በቀንድ ቢላዋ እየፋቀች ስታላቅቀው ሁለት ጊዜ አስመለሳት። በመጨረሻም ለዘመናት ተደብቆ የኖረው ጀርባ ተገለጠ። በፊቱ ገጽ በዙፋን የተቀመጠው የመጀመሪያው ንጉሥ፣ በዚህኛው ለወንዙ ሰዎች ተንበርክኳል። ከጉልበቱ ሥር «ሁለቱም ገጾች እስከታዩ ድረስ ውሃው ይጠራል» ተብሎ ተጽፏል።

«ይህን ገጽ ማን ለጥፎ ደበቀው?» አለች።

«ሙጫውን ያማሰልኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ፤» አሉ ሽማግሌው ዘበኛ አባ ጎርዳ ጦራቸውን ተደግፈው። «የንጉሡ አያት የተንበረከከ አባት ማየት አሳፈራቸው። የሙጫ ሠሪዎቹ አለቃ፣ ሊቀ ሙጫ ደርጉን፣ አዘዘኝ፤ ለሆዴ ብዬ አማሰልኩ።»

ሐመልዝ ፊቷን አዞረች። ቢላዋዋን ከጠረገች በኋላ ግን «እንግዲያው አብረን እናስተካክለው፤» አለች። «ሁለቱን ገጽ ሳላሳይ ብቀር፣ ይህ እጄ ክፈፍ አይያዝ!»

ሁለቱም ገጽ እንዲታይ ወረቀቱን በሁለት ብርሃን አሳላፊ መስተዋቶች መካከል ማቆም ነበረባት። ያን ያህል የጠራ መስተዋት ደግሞ የሚገኘው በጌርሶ ዋሻ፣ ከዝልጉም አፍ ብቻ ነው። ዝልጉም ሬሳ በል ትል ነው፤ ለሃጩ በጥርሶቹ መካከል ሲደርቅ እንደ አየር ይጠራል።

ሰባት ቀን ተጉዘው ደረሱ። አውሬው አፉን ሲከፍት የወጣው ትንፋሽ ዓይን ያቃጥላል። አባ ጎርዳ በመንጋጋዎቹ መካከል ገብተው የላይኛውን በትከሻቸው ደገፉ።

«ግቢ! አፍንጫሽን ተይው፣ እጅሽን አትርሺ!»

እስከ ብብቷ በለሃጭ ተዘፍቃ አንዱን መስተዋት ነቀለች፤ ሁለተኛውንም።

«ይውጡ፣ አባ!»

«እኔ ከወጣሁ ይዘጋል። ሂጂ፤ ያማሰልኩትን እኔው ልጨርሰው።»

ወደ ውጭ እንደ ዘለለች መንጋጋው ገጠመ። በዋሻው ደጃፍ የቀረው የጦራቸው ዘንግ ብቻ ነበር።

ሐመልዝ ወደ ቤተ መንግሥቱ ተመልሳ ዘንጉን በቀጭኑ ሰነጠቀችና፣ መስተዋቱ ሥዕሉን እንዳይነካ በጠርዞቹ መካከል አስገባችው። ጠብታ ሙጫ አልተጠቀመችም። ክፈፉንም በአዳራሹ መሐል አቆመችው።

«ወደ ግድግዳው ይጠጋ፤» አለ ንጉሡ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሥዕሉ ከቦታው አይነቃነቅም። እርስዎ ዞረው ጀርባውን ይዩ።»

ሕዝቡ በደጅ ቆሞ ያይ ነበርና ዘርሙን ዞረ። አፍንጫውን በሐር እንደ ሸፈነ፣ እንደ ሥዕሉ ንጉሥ ቀስ ብሎ ተንበረከከ። ወንዙ ወዲያው ጠራ።

ከሁሉ አስቀድሞ እልል ያለው ሊቀ ሙጫ ደርጉን ነበር። «ይህን ቀን ስመኝ ኖሬአለሁ!» እያለ የሐመልዝን እጅ ሊስም ጎንበስ አለ። የዋሻው ለሃጭ እንኳ እንዲህ አላስጸየፋትም። እጇን ነጥቃ በመስተዋቶቹ መካከል የቆመውን የአባ ጎርዳን ቀጭን እንጨት ዳሰሰች። በአዳራሹ ውስጥ ንጹሕ ሆኖ የታያት እርሱ ብቻ ነበር።