በገና ሜዳ የተለያዩ ወንድማማቾች

በሆሳዕና ላይኛው ሰፈር ሳቅ የማይጠፋበት ቤት ቢኖር የባሻ ገብረ ሥላሴ ቤት ነበር። ባሻ ከመንዝ ከጦሩ ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ለወታደርነታቸው በተሰጣቸው ማደሪያ መሬት ላይ ገብስና ስንዴ የሚያሳርሱ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እልፍነሽ ሰይፈሥላሴ የሚባል ወንድና ወይንሸት የምትባል ሴት ልጅ ወልደውላቸዋል። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይመኛል? ግን በ፲፱፻፲፩ ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ መጣ! ደሃ ከጌታ የማይለይ፣ ጠዋት ሲያስነጥስ የታየውን ሰው ማታ የሚያስቀብር መቅሠፍት ሆሳዕናን ከሌሞ አዳረሰ። ባሻ ገብረ ሥላሴን ወሰዳቸው። በዚያው ሰሞን ከከተማው በታች ሌሞ ውስጥ የሚያርሰውን ወዳጃቸውን ከነሚስቱ ጠራርጎ፣ ባፈና የሚባለውን ልጃቸውን ብቻ ባዶ ጎጆ ውስጥ ጥሎት ሄደ። ወይዘሮ እልፍነሽ የራሳቸው እንባ ሳይደርቅ ወርደው ልጁን እጁን ይዘው አመጡት። ክርስትና አስነሡት፤ ከሰይፈሥላሴ ጋር በአንድ ገበታ አበሉት፤ በአንድ ጋቢ አስተኙት። ባፈና አማርኛውን በሀዲይኛ ቅላፄ እየጎተተ «እማዬ» ብሎ የጠራቸው ቀን ሴትየዋ ከባላቸው ቀብር ቀን የበለጠ አለቀሱ።

የሞተ ወታደር ማደሪያ ለሌላ ወታደር ይሰጣል። መሬቱ ተወሰደ። እኚያ የባሻ ባለቤት ጥጥ እየፈተሉ፣ የጌቶች ሚስቶች በሚያሸምኑት ኩታ ጠርዝ ላይ ጥለት እየቆጠሩ ዓይናቸው እስኪደክም ሠርተው ሦስት ልጆች አሳደጉ። ሁለቱ ወንዶች ግን እንዴት ያሉ ልጆች ሆነው አደጉ! ሰይፈሥላሴ ቀጭን፣ እግረ ቀላል፣ ሲሮጥ ተረከዙ ሣር የማይነካ፤ ባፈና ደግሞ ጸጥ ያለ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ትከሻው እንደ በሬ ጫንቃ የደነደነ።

የገና በዓል ደረሰ። እንደ ወጉ ላይኛው ሰፈርና ታችኛው ሰፈር ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ሜዳ ወረዱ። ከጠንካራ እንጨት የተጠረበችውን ክብ እሩር እየመታ፣ እየገፋ፣ በድንጋይ ከተሰመረው የባላጋራው ወሰን ያሳለፈ ያሸንፋል። ሹሙ ፊታውራሪ ወንዳፈረው ከዛፍ ጥላ ሥር ወንበራቸው ላይ ሆነው ያያሉ። ላይኛው ሰፈር ሊሸነፍ ተቃርቧል። በዚያ ሰዓት እሩሯ ከሰው እግር መሐል አፈትልካ ከሰይፈሥላሴ ዱላ ሥር ገባች። ባፈና አንድ ጊዜ ዞሮ አየው፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ፊት ፊቱን መሮጥ ጀመረ። ወይ ጉድ! የመጣውን ሁሉ በትከሻው እየገፈተረ፣ ግራ ቀኝ እየበተነ፣ በዚያ የዱላ ጫካ ውስጥ መንገድ አወጣ። ሰይፈሥላሴ እሩሯን በዱላው ጫፍ እየነዳ በወንድሙ ጀርባ ተከተለ፤ ክፍተት ሲያይ ሾለከ፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አለፈ፤ ሦስተኛው ነጠላውን ቢይዘው ነጠላውን ጥሎለት ሄዶ እሩሯን ከወሰኑ አሳለፋት። ሜዳው በእልልታ ተናጋ! ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ጥለው ዘለሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማው «ባፈና ከፊት፣ ሰይፈሥላሴ ከኋላ» የማይል አልነበረም።

ፊታውራሪ ወንዳፈረው ሰይፈሥላሴን አስጠርተው ካባ አለበሱት። የአባቱንም ማደሪያ መለሱለት፤ አገልግሎቱ ግን ጠብመንጃ መሸከም ሳይሆን ለእሳቸው መሮጥ እንዲሆን አዘዙ። የእልፍነሽ ጎተራ እንደገና ሞላ። ለወጣቱ ሩጫ እንጀራው ሆነ። ሞርሲቶ ሄደው አሸነፉ፤ አንጋጫ ሄደው አሸነፉ፤ የሄዱበት አገር ሰው ገበያውን ፈትቶ ሊያያቸው ይወጣል፤ ልጃገረዶች በሰይፈሥላሴ ስም ይዘፍናሉ። ስለ ባፈና የዘፈነች ግን አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም ወይንሸት ናት፤ ዘፈኗንም ለራሷ ነው የዘፈነችው። እናቲቱ ነገሩን ዓይተው ፈገግ አሉ፤ በሥጋ አይዛመዱምና ቄሱን አማክረው ዳሯቸው። ሰርጉ ላይ ሰይፈሥላሴ እንደ ሙሽራው ሚዜም እንደ ሙሽራይቱ ወንድምም ሆኖ ሁለት ጊዜ ጨፈረ። ያን ቀን ያየ ሰው ይህ ቤት ዳግመኛ ይፈርሳል ብሎ ያስብ ነበር?

የዳምቦያው ገዥ ቀኛዝማች ኃይሉ ተሸንፈው የማያውቁ፣ ሽንፈትንም የማይወዱ ሰው ናቸው። በሰይፈሥላሴ እግር አንድ ጊዜ ከተዋረዱ በኋላ በምስጢር ሰው ላኩበት። ከነእቃዋ የተጫነች በቅሎ፣ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት፣ የባላምባራስነት ማዕረግ፣ በዚህ ሁሉ ላይ እህተማርያም የምትባል የወንድማቸውን ልጅ ሊሰጡት ቃል ገቡ። ሰይፈሥላሴ ልጅቱን በዳምቦያ ገበያ አይቷት ነበርና ልቡ ተነሣ። ነገሩን ለቤተ ሰቡ ሲያዋይ ወይንሸት አለቀሰች። ባፈና ግን ውጭ ድረስ ተከተለው።

«እኔን ተወኝ። ትከሻዬን የሚፈልግ አላጣም። እማዬን ግን አስብ፤ አንተ ስትሄድ መሬቱም ይሄዳል።»

ሰይፈሥላሴ ዳምቦያ ሄዶ እንደ ተደላደለ ሁሉንም ወደዚያ እንደሚወስዳቸው ማለለት። ለእናቱም ይህንኑ ነገራቸው። ወይዘሮ እልፍነሽ የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ካዩት በኋላ እንዲህ አሉ፦

«ሂድ ልጄ። አባትህን ግን ከመቃብሩ አውጥቼ ላስከትልህ አልችልም።»

ሄደ... ሄዶም ቀረ። «በገና ጨዋታ አይቈጡም ጌታ» ይባላል፤ ፊታውራሪ ወንዳፈረው ግን ተቈጡ። በዚያው ሳምንት ማደሪያውን ነጥቀው እናቲቱን ከቤታቸው አስወጧቸው። እኚያ የባሻ ሚስት ያቺን ጥቂት እቃቸውን አስጭነው ወደ ባፈና አባት ጎጆ፣ ወደ ሌሞ ወረዱ። የባፈና ዘመዶች ከየቤታቸው ወጥተው ተቀበሏቸው፤ ሴቶቹ እንሰት መፋቅ አስተማሯቸው። ጥለት የለመዱ ጣቶች በእንሰት ቅርፊት ቆሰሉ። ሰይፈሥላሴ መልእክተኛ ልኮ ኑ አላቸው፤ እሳቸው ግን አልሄድም አሉ። ከዚያ በኋላ ስሙን ሲሰሙ ዝም ይላሉ እንጂ አይራገሙም። የእናት ዝምታ ከእርግማን አይከብድም ያለ ማን ነው?

ዘመኑ ዞረ፤ ሁለቱ ሹማምንት በጥምቀት ሰሞን በሆሳዕና ሜዳ በገና ጨዋታ ሊጋጠሙ ተማማሉ። ከሌሞ፣ ከሞርሲቶ፣ ከአንጋጫ የማይመጣ ሰው እንደሌለ ተወራ። ፊታውራሪ ባፈናን ከእንሰት ማሳው አስጠሩት። የዚያን ልጅ እግር ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ብታስቆመው የእናትህን መሬት እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ እመልሳለሁ አሉት። ባፈና እጅ ነሥቶ ወጣ። እውነት ነው፤ የሰይፈሥላሴን የግራ ጉልበት ሕመም የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከሞርሲቶው ጨዋታ በኋላ ባበጠ ቁጥር በቅቤ ታሸው የነበረችው ወይንሸት ናት። አሁን ነፍሰ ጡር ሆና፣ የባሏን ዱላ እያቀበለች ቀና ብላ አየችው።

«ጉልበቱን እንዳትመታው። ወንድሜ ነው።»

«የእኔስ ምኔ ነው?» አላት ባፈና።

ያን ቀን የሆሳዕና ሜዳ የሰው ባሕር ሆነ! አቧራው ፀሐይን ጋረደ፤ የዱላው ኳኳታ እንደ በረዶ ዝናም ጆሮ ሞላ። በመጀመሪያ ዳምቦያ አገባ፤ እሩሯን ያሳለፋት ሰይፈሥላሴ ነበር፤ እንደ ነፋስ ነው የሄደው፤ የገዛ አገሩ ሰዎች እንኳ ሳያስቡት «እሰይ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ቀጥሎ ባፈና ሰባት ስምንት ሰው አንጋሎ ሆሳዕና አቻ አደረገች። እልልታ! ጥሩምባ! ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ቀኛዝማች ኃይሉ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆሙ፤ ፊታውራሪም ቆሙ። ያን ጊዜ እሩሯ ከግርግሩ ወጥታ ወደ ሰይፈሥላሴ ተንከባለለች።

ሮጠ! ሕይወቱን ሙሉ እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። አንዱ ዱላውን ሲሰነዝር ጎንበስ አለ፤ ሁለቱ ሲገጥሙት በመሐላቸው ሾለከ፤ አንዱ እግሩን ሲጠልፍ ዘለለው። ሴቶች ጮኹ፤ ፈረሶች ደነበሩ፤ ሕዝቡ ወሰኑን ጥሶ አብሮት ሮጠ። ፊቱ ላይ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከድንጋዩ መስመር በፊት ሁለት እግሩን ከፍቶ የቆመ፣ ትከሻው ሰፊ... ባፈና! የእናቱ ልጅ፣ የጋቢው ተጋሪ፣ መንገድ ይጠርግለት የነበረው። አሁን መንገዱን የዘጋው እሱ ነው። ሰይፈሥላሴ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ሲል የግራ ጉልበቱ ለዱላ ተገለጠ። ባፈና አየው። ሕዝቡ ሁሉ «በለው!» አለ። ባፈና ግን ዱላውን ጣለ፤ እጁን ዘርግቶ በደረቱ ተቀበለው።

ሁለቱም በአንድነት ወደቁ። አቧራው ሲገለጥ ሰይፈሥላሴ በእጁና በጉልበቱ ተነሣ፤ ባፈና አልተነሣም። ጭንቅላቱ ወሰኑ ከተሰመረበት ድንጋይ ላይ አርፎ ደም ከጆሮው ይወርድ ነበር። እሩሯ ከሥሩ ነበረች። የዳምቦያ ሰዎች አልፋለች እያሉ ጨፈሩ፤ የሆሳዕና ሰዎች አላለፈችም ብለው ዱላ አነሡ። ከሁሉም ቅርብ የነበረው ሰይፈሥላሴ ነበርና ሁለቱ ሹማምንት ምስክርነቱን ጠየቁት። ቀኛዝማች ኃይሉ ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩት፤ በቅሎዋ፣ ግቢው፣ ማዕረጉ፣ ገና ያልተዳረችለት እህተማርያም በዚያች አስተያየት ውስጥ ነበሩ።

«አላለፈችም ጌታዬ» አለ። «ወንድሜ አስቀርቷታል።»

ከዚያ ዱላውን ጣለ፤ ባፈናን ጀርባው ላይ አደረገው፤ ሮጠም። እናንተ የዚያን ቀን ያልነበራችሁ፣ ያን ሩጫ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እሩር የለ፣ ዱላ የለ፣ ባላጋራ የለ! ያ ሁሉ ሕዝብ ሳይታዘዝ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሰጠው። ቁልቁለቱን ወርዶ ወደ ሌሞ፣ ወደ እናቱ ቤት በረረ። መሐል መንገድ ላይ የግራ ጉልበቱ ቀጭ አለ፤ ተንበረከከ፤ እንደገና ተነሥቶ እያነከሰ ሮጠ። «ደርሰናል ወንድሜ፣ ደርሰናል» ይላል ሳያቋርጥ። ባፈና በጆሮው ሥር፣ አንደበቱ እየከበደው፣ «አሁን ደግሞ አንተ ከፊት» አለው።

ወይዘሮ እልፍነሽ ከደጃፋቸው ሆነው ሁለቱ ልጆቻቸው በአንድ ላይ ሲመጡ አዩ። ወጌሻ ተጠራ፤ ቄስ ተጠራ። ባፈና ግን በእናቱ ጭን ላይ ራሱን አሳርፎ፣ መሬቱ ተመለሰ ወይ ብሎ ጠየቀ። ተመለሰ አሉት። የወይንሸትን እጅ ጨበጠ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ጭብጡ ላላ። ወይንሸት አልጮኸችም። ፊቷን ወደ ወንድሟ አዙራ አንድ ጊዜ ብቻ አየችው።

ፊታውራሪ ቃላቸውን ጠብቀው መሬቱን መለሱ፤ እናቲቱ ግን ከባፈና ጎጆ አልተነሡም። ቀኛዝማች ኃይሉ በራቸውን ዘጉ፤ እህተማርያም ለሌላ ተዳረች። ያ በሀዲያና በከምባታ የተዘፈነለት ሯጭ ጉልበቱ ተበላሽቶ በምርኩዝ የሚሄድ ሆነ። እናቱ ይቅር ብለው ካስገቡት ከሌሞው ጎጆ አልወጣም፤ የባፈናን እንሰት ይኮተኩታል፤ ለእህቱ ውኃ ይቀዳል። እሷ ግን ወጡን አቅርባለት ትሄዳለች እንጂ አታናግረውም። በዚህ ማን ይፈርድባታል? ወንድሟን ብትወድ ባሏን፣ ባሏን ብታስብ ወንድሟን... በየትኛው ጎኗ ትተኛ?

ክረምቱ መጥቶ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሕፃኑ ክርስትና በተነሣ ማግስት ማለዳ ሰይፈሥላሴ ከደጅ ተቀምጦ ዶማ ሲያስር ከኋላው ኮቴ ሰማ። ወይንሸት ሕፃኑን እንደታቀፈች ቆማለች።  ከዚያ ዝቅ ብላ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ያዘው» አለችው። «እጄ ዝሏል።»

እንባው የሕፃኑን ግንባር አራሰው። እናቲቱ ከውስጥ ሆነው ሰምተው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ፈጣሪ ለአንዱ ፈጣን እግር፣ ለሌላው ሰፊ ትከሻ ሲሰጥ ምን አስቦ እንደሆነ ማን ያውቃል? ሰው ግን አብሮ የተሰጠውን ነጣጥሎ ሊሸጥ ይወጣል፤ ዋጋውን የሚያውቀው ግማሹ ከጠፋ በኋላ ነው። እንግዲህ የዕድልን ነገር ለዕድል እንተወው። ሰይፈሥላሴ ግን፣ ያ አንድ ስፍራ መቆም የማያውቅ ሰው፣ ሕፃኑ ጭኑ ላይ ተኝቶ ነበርና እስኪነቃ ድረስ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ተቀምጦ አረፈደ።