ኤረር በር ላይ እምቢ ያለችው አህያ

ሥርጉት የጥቁር አዝሙዱን ጥቅል ስትፈታ አንዲት አህያ አፈጠጠችባት። በእርሳስ የተሣለች፣ አንድ ጆሮዋ ላይ አረንጓዴ ሪባን የታሰረላት አህያ ናት። ሥርጉት በደንብ ታውቃታለች። ችግሩ አህያዋ መገኘት የነበረባት ከጊደር መጋላ ገበያ በመጣ ቅመም ውስጥ ሳይሆን የሥርጉት ጠረጴዛ ላይ፣ ከደብተሮቿ መሃል ነበር።

ጠረጴዛው ግን ባዶ ነው። እናቷ ወይዘሮ ሰገነት ሐሙስ ዕለት ቤቱን ሲያጸዱ ያለቁ ደብተሮችን ሁሉ ሰብስበው፣ መጠቅለያ ይሁንዎት ብለው ለቅመም ነጋዴዋ ለእማማ ሩቂያ ሰጥተዋል። ከመሃላቸው አንዱ ግን ያለቀ ደብተር አልነበረም። የክፍል ጓደኛዋ ናፊያ ሦስት ወር ሙሉ የሣለችው ኮሚክ መጽሐፍ ነበር፤ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ራሱን የቻለ አንድ ታሪክ፣ በዓለም ላይ ያለው ደግሞ አንድ ቅጂ ብቻ። ሥርጉት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

ነገሩን ያባሰው የትናንቱ ውሸቷ ነው። ሰኞ የንባብ ክበብ አባላት ስለሚወዱት አንድ የሥዕል ታሪክ ይናገራሉ። ሌላው ሁሉ ከውጭ የመጡትን ባለቀለም ወፋፍራም መጻሕፍት ሲመርጥ፣ ሥርጉት «እኔ የናፊያን ነው የማቀርበው» ብላ ደረቷን ነፋች። ያነበበችው ግን አራት ገጽ ነበር። ጭነት የተሸከመች አህያ ከጀጎል ግንብ በሮች በአንዱ፣ በኤረር በር ላይ ቆማ አልገባም ትላለች፤ ሰዉ ይገፋታል፣ ይጎትታታል፣ በሸንኮራ ያባብላታል። እዚህ ላይ ስልኳ ጮኸ፣ ደብተሩ ተዘጋ፣ በዚያው ተረሳ። ትናንት ናፊያ መጨረሻው እንዴት እንደሆነ ስትጠይቃት «አቦ፣ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት» አለቻት። ናፊያ ለአፍታ አየቻትና «እሺ» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ናፊያ ከሰዓት በኋላ ከአባቷ ጋር ለውዝ ይዛ በኤረር በር በኩል ገበያ ትመጣለች። ሥርጉት አዝሙዱን ስኒ ውስጥ ገልብጣ፣ ወረቀቱን አራግፋ፣ እግሬ አውጪኝ አለች።

እማማ ሩቂያ ነገሩን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ወላሂ፣ ደንበኛው ሁሉ አዝሙዱን ትቶ ወረቀቱን ሲያይ ገርሞኝ ነበር» አሉና ከሚዛኑ ስር ሽፋኑንና ሰባት ገጽ አወጡላት። የቀሩትን ማን እንደወሰዳቸው አንድ በአንድ ነገሯት፤ ሴትዮዋ የደንበኞቻቸውን ስም ቀርቶ የሚወዱትን ቅመም አይረሱም። ሁለቱ ገጾች ከሳምቡሳ ጠባሿ ዘንድ ተገኙ፣ አንደኛው ጥግ ላይ የዘይት ጠብታ አርፎበታል። ሌላው የጎረቤት ሕፃን እጅ ላይ ነበር፤ በከረሜላ ተለወጠ።

ሥርጉት በጀጎል ጠባብ መንገዶች ስትጣደፍ ገጾቹን እያየች ነበር፤ ዘጠነኛውን ከስድስተኛው በፊት፣ አሥረኛውን ከአምስተኛው በፊት። ቅደም ተከተሉ ቢዘበራረቅም አንድ ነገር ታያት። አህያዋ በየገጹ ወደ ኋላዋ ትመለከታለች። በመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች ላይም እንደዚያው ነበር፤ ሥርጉት ነበረች ያላየችው።

የመጨረሻው ገጽ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ በልብስ ሰፊው በጋሼ ሀብተወልድ ግድግዳ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተሰክቶ ነበር። ገጹን ፍለጋ መምጣቷን ስትነግራቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«አህያዋ ከዚህ በፊት ምን እንደሆነች ካልነገርሽኝ አልሰጥሽም» አሉ። «ከጠዋት ጀምሮ ስገምት ነው የዋልኩት።»

ሥርጉት ቆማ የአህያዋን ታሪክም፣ የራሷን የሰኞ ጣጣም ተረከችላቸው። ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ጭነቱ ወርዷል፤ ገፊውም ጎታቹም ተስፋ ቆርጦ ጥላ ስር ተቀምጧል። ከኋላ፣ ከአቧራው ውስጥ፣ ሌላ ትንሽ አህያ እያለከለከች ትመጣለች። ባለ ሪባኗ አህያ «መጣሽ? በቃ እንግባ» ትላታለች። ታሪኩ እዚያው ያበቃል።

የሚያስቅ ነገር የለውም። ሥርጉት ፊቷ ጋለ።

ባለፈው ዓመት የትምህርት መጀመሪያ ቀን ርዕሰ መምህሩ ከገጠር አዲስ ተማሪ ትመጣለችና ክፍሏን አሳዪያት ብለዋት ነበር። ደወል ተደወለ፣ ዘበኛው ተቆጣት፣ ጓደኞቿ በእጇ ጎተቷት፤ እሷ ግን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገትራ ቀረች። ናፊያ የተሳፈረችበት ባጃጅ መንገድ ላይ ተበላሽቶባት እየሮጠች ስትደርስ፣ ሥርጉት የነገሩን ክብደት ሳታውቀው «መጣሽ? በቃ እንግባ» ብቻ ነበር ያለቻት። ሁለቱም አርፍደዋል ተብለው ግቢ ጠረጉ። የዚያን ቀን ሥርጉት ፀጉሯን ያሰረችው በአረንጓዴ ሪባን ነበር።

ሌላ ሰው አህያ ቢላት ሰፈሩ አይበቃትም ነበር። አሁን ግን ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት።

ጋሼ ሀብተወልድ ገጾቹን በካውያ ተኮሱ፣ በተራቸው ደረደሩ፣ ጠርዙን በማሽናቸው በአረንጓዴ ክር ሰፉላት። የዘይት ጠብታዋን ጠጋ ብለው አዩና «ይቺ ራሷ የአህያዋን ላብ ትመስላለች» አሉ። «የአዝሙዱም ሽታ እስከ ሰኞ ይለቃል። ማንም አያውቅብሽም፣ ልጄ።»

እውነታቸውን ነው። ደብተሩ በእጇ ነው፣ መጨረሻውን አውቃዋለች፣ ሰኞም አሳምራ ታቀርበዋለች። የትናንቱን ቀልዴን ነው ብላ ማለፍ ትችላለች። ያቺ «እሺ» ግን ከጆሮዋ አልወጣ አለች፤ ናፊያ አሁንም እዚያው አቧራው ውስጥ የቀረች መሰላት።

ሥርጉት ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ትታ ወደ ኤረር በር ወረደች። ለውዝ የጫነ ጋሪ አለፈ፣ ሸንኮራ ሻጯ ከመንገዱ ዞር በይ አለቻት፣ አንድ ተሸካሚም ገፋ አድርጓት ሄደ። እሷ ደብተሩን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ከበሩ ሳትነቃነቅ ወደ ውጭ ታያለች።

ብዙ ቆይታ አንድ ባጃጅ አቧራውን እያቦነነ መጥቶ ቆመ። ናፊያ ከአባቷ ጋር ወረደች፤ ሥርጉትን አየቻት፣ ከዚያም ደብተሩን።

«መጣሽ?» አለች ሥርጉት። «ከመግባታችን በፊት የምነግርሽ ነገር አለ።»