አራቱ አጫጭር ብሎኖች

ኢንስፔክተር ማርታ ቆቦ መናኸሪያ ጀርባ ካለው ጋራዥ ስትደርስ አስፋው ካረፈ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ደረቱ ላይ የወደቀውን የአሮጌ ፊያት ሞተር ጎረቤት ተረባርቦ አንስቶለታል፤ ምን ዋጋ አለው! ሚስቱ ጌጤ መሬት ላይ ተደፍታ «አስፍዬ! አስፍዬ!» ትላለች።

ሞተሩ ሊታደስ በአራት ብሎን ከብረት ማቆሚያ ጋር ታስሮ ነበር። ሐሙስ ዕለት ያሰረው የሃያ ዓመት የሥራ ባልደረባው ኑሀ ነው።

«ገዳይ!» አለው የሟች ታናሽ ወንድም አብርሃም፤ መርዶውን ሰምቶ ከጎብዬ እየበረረ መጥቷል። «ማርያምን፣ ነገ ቀብሩ ላይ ዝር ብትል!»

ኑሀን ከሚጠብቀው እስር ይልቅ ጓደኛውን ሳይሸኝ መቅረቱ ነው አንጀቱን የበላው።

«በምን አሰርከው?» አለችው ማርታ።

«በረጃጅም ብሎን። የማቆሚያው ክንድ ወፍራም ነው። የመኪናው የራሱ ብሎን ያጥረዋል፤ በጫፉ ብቻ ነው የሚይዝ። ይኸን የማያውቅ መካኒክ አለ እንዴ?»

አብርሃም ስድቡን ድንገት አቆመ።

ማርታ ከሞተሩ ሥር አራት ብሎኖች ለቀመች፤ አጫጭር ናቸው። አሸተተቻቸው። ረጃጅሞቹን ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው አገኘቻቸው።

«ትናንት እዚህ ማን ነበር?»

«ማንም» አለች ጌጤ። «ሚካኤል ነበር። አስፋው በሚካኤል ብረት አይነካም፤ ቤተ ክርስቲያን ዋልን።»

«እኔም ከጁምዓ በኋላ መለዋወጫ ፍለጋ ዋጃ ሄድኩ» አለ ኑሀ።

«ከእናንተ ሌላ የጋራዡ ቁልፍ ያለው?»

«አብርሃም» አለች ጌጤ። «መኪናው ያባታቸው ነው።»

ማርታ ሦስቱንም ማቆሚያው አጠገብ ሰበሰበቻቸው። መልሱን አውቃዋለች፤ ባላወቀችው በወደደች።

«ረጃጅሞቹ የማቆሚያውን ቀይ ቀለም ይዘዋል፤ ኑሀ እውነቱን ነው፣ አስሮባቸው ነበር። ትናንት ግን ሰው እያንዳንዳቸውን እየፈታ አጫጭሮቹን ተካ። አንድ በአንድ ስለቀየረ ሞተሩ አልወደቀም። ዛሬ ጠዋት አስፋው ሊገለብጠው ሲያዞረው ለቀቀ። ሊገድል የመጣ ሰው ረጃጅሞቹን ይደብቃል እንጂ ደርድሯቸው አይሄድም። አጫጭሮቹ ደግሞ የሰሊጥ ዘይት ይሸታሉ። የሞተር ዘይት በሞላበት ጋራዥ ብሎን በወጥ ዘይት የሚቀባ መካኒክ የለም። ቤቱ ወስዶ፣ እንደ ዓይኑ ብሌን የጠበቃቸው ሰው ነው።»

አብርሃም መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ያባቴ ብሎኖች ናቸው» አለ። «ሞተሩ ከመኪናው ሲወርድ ወሰድኳቸው፤ ዝገት እንዳይበላቸው ዘይት ውስጥ ነከርኳቸው። መኪናው አባቴ እንደነዳው ይሁን ብዬ… አስፋው ሲያያቸው ደስ ይበለው ብዬ… እንደሚያጥሩ መች አውቄ! እኔ ነኛ! ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ!»

አብርሃም ለጌጤ እንደ ወንድሟ ነበር፤ የሞተው ባልሽ፣ የገደለው ወንድምሽ ይሉት መዓት ወረደባት። ማርታ ስንት ሬሳ ያየች ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች።

«ኑሀ፣ ነገ አስከሬኑን አንተ ተሸከመው» አለ አብርሃም። «የኔ እጅ አይንካው።»

ኑሀ እያለቀሰ ብብቱ ሥር ገብቶ አብርሃምን ከመሬት አነሳው።

«ከፊት ትይዛለህ» አለው። «ከኋላ እኔ አለሁልህ።»