ሳይዋጥ የተሞላ ካርድ

«አክታውን ከጉሮሮ አይደለም፣ ከደረት ነው የምፈልገው» አለች ሲስተር። «ምራቅማ እኔም አለኝ።»

የልጅቷ አባት በጤና ጣቢያው ጓሮ፣ ነፋስ በሚያገኘው የግንቡ ጥግ፣ ክዳን ያላትን ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ይዞ ቆሟል። በረጅሙ ተነፈሰ፣ አጎነበሰና ሳለ። ልጅቷ ራቅ ብላ ጫማዋን እያየች ጠበቀችው። ያንን ሳል ታውቀዋለች። ጠፍቶ ነበር፤ ሰሞኑን ተመልሷል።

የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ አምስተኛ ወሩ ነው። ሕክምናው ስድስት ወር ሲሆን አምስተኛው ላይ አክታው እንደገና ይመረመራል። ንጹሕ ከሆነ የምትቀረው አንድ ወር ብቻ ናት። ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል ተባሉና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ልጅቷ ክኒን መዋጡ በየቀኑ የሚመዘገብበትን ካርድ ደብተሯ ውስጥ ደብቃ ይዛዋለች።

አባቷ ሶፋ ሠሪ ነው። ቀጭን ስለሆነችና የያዘችውን ስለማትለቅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ሚስማሬ» ይላታል። እሱ ራሱ ሚስማር በአፉ ይዞ የሚውል ሰው ነው። ሃያ ያህል ትንንሽ ሚስማር ጉንጩ ውስጥ አስቀምጦ ያወራል፣ ከደንበኛ ጋር ዋጋ ይከራከራል፣ ሲለው ይዘፍናል። ከዚያ አንድ በአንድ በምላሱ እየገፋ ያወጣና ጨርቁን ከእንጨቱ ጋር ይመታዋል። አንድም ቀን ውጦ አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየመጣ ሲስተር ፊት ነበር የሚውጠው። ሦስተኛው ወር ላይ ሲስተር «አሁን ክኒኑን ቤት ይወስዳሉ፤ ግን ሲውጡ የሚያይ ሰው ከቤት ይመረጥ» አለች። እናቷ ጎህ ሳይቀድ ወደ ዳቦ ቤት ሥራዋ ስለምትሄድ ዕጣው ሚስማሬ ላይ ወደቀ። ሥራው ቀላል ነው። ጠዋት ክኒኑን ትሰጠዋለች፣ ሲውጥ ታያለች፣ ካርዱ ላይ ራይት ታደርጋለች። ካልዋጠ ዜሮ ትጽፋለች። ሲስተር ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ እያሳየች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ስትል አባቷ ሳቀ። «እኔ ምን እደብቃለሁ፣ ሲስተር? ሳሌ ያሳብቅብኛል።»

ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ቤት ስትጠርግ፣ ሶፋቸው መቀመጫ ስር እጇን ሰደደች። ስፖንጁ ጡብ የመሰለ ቀለም ጠጥቷል። ሥር ድረስ ስትቆፍር ክኒኖቹን አገኘቻቸው። ምራቅ ነክቷቸው ልጣቸው የለቀቀ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ውኃ ጠጥቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አውጥቶ ሲያሳያት ጉንጩን ማየት አልመጣላትም። የማንንም ሰው ጉንጭ ብትረሳ የእሱን መርሳት አልነበረባትም።

«አባዬ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ እየፎገርከኝ ነበር?»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«በባዶ ሆዴ ውጬው ሄጄ የማስቲሹ ሽታ ሲመጣብኝ ያስመልሰኛል፣ ሚስማሬ። ባለፈው ደንበኛ ፊት ነው ያስመለስኩት። አለቃዬ ምን ሆንክ ሲለኝ ጨጓራ ነው አልኩት። ቲቢ መሆኑን ቢሰማ አንድ ቀን አያሳድረኝም። ደግሞ እስቲ እዪኝ፣ ምን ጎደለኝ? ወፍሬያለሁ፤ ሳሉም ጠፍቷል።»

«ሲስተር ስድስት ወር ነው ያለችው። ደህና ስትሆን ነው በሽታው የሚያደፍጠው ብላለች።»

«አታካብጂው። ሥራ በማልገባበት እሑድ እውጠዋለሁ። አንቺ ራይትሽን አድርጊ፤ ሌላውን ሆድ ይፍጀው።»

አደረገች። የሚያሳፍረው፣ ትንሽ ደስም ብሏት ነበር። ለእናቷ ያልነገራትን ምስጢር ለእሷ ሰጥቷታል። ካርዱ የተፈበረከ እንዳይመስል አንድ ቀን በሰማያዊ፣ አንድ ቀን በጥቁር እስክሪብቶ ራይት ታደርግ ነበር። ክኒን ሊወስዱ በመጡ ቁጥር ሲስተር ካርዱን ከፍ አድርጋ ለተሰለፉት ሰዎች ታሳያለች። «እዩ፣ የዚህችን ልጅ ሥራ እዩ!» ሚስማሬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ይላት ነበር። ሰዎቹ ግን ዓይን አፋር ናት ብለው ይስቃሉ።

በምርመራው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሲስተር ጠራቻቸው። ክፍሉ ውስጥ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሲስተር አፏን ሸፍናለች፤ ዓይኖቿ ብቻ ናቸው የሚታዩት። ዓይኖቿ አልሳቁም።

«አለ» አለች። «ተሐዋሲው አሁንም አለ።»

አባቷ የባርኔጣውን ጠርዝ ያሻሽ ጀመር።

ሲስተር ካርዱን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በጣቷ መስመር በመስመር ወረደች። «እኔ የገባኝ ነገር የለም» አለች። «አንድም ቀን ሳይዘል የዋጠ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዓይነት ይዞት ይሆናል ነው የምለው። አክታውን ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ እልካለሁ። እሱ ከሆነ ሕክምናው ይከብዳል፣ ሊረዝምም ይችላል። አቋርጦ ከሆነ ደግሞ የማስበው ሌላ ነው፤ ለላቦራቶሪው የምጽፈውም ሌላ ነው። ይኼ ካርድ እኔ ዘንድ አይቀርም። በየወሩ መጨረሻ ስንት ጀመረ፣ ስንት ጨረሰ፣ ስንት አቋረጠ፣ ስንት ሞተ እያልን ወደ ላይ እንልካለን። አገር ይኼን መድኃኒት በነፃ የምታድለው፣ የትኛው ሠራ የትኛው አልሠራ የምትለው በዚያ ቁጥር ነው። ስለዚህ ይንገሩኝ፤ ዘለው ያውቃሉ?»

«አንድም ቀን» አለ አባቷ።

ዓይኑን በጨው ታጥቦ ነው ያለው። ሚስማሬ፣ አባቷ ከሥራ ቢባረር የሚበሉት እንደማይኖር ታውቃለች። የአባቷን ገመና አደባባይ የምታወጣ ልጅ መሆንም አልፈለገችም። ካርዱ ላይ ያሉትን ራይቶች ታይ ጀመር።

ሲስተር ብዕሯን አነሳች። «እሺ። ቤት ውስጥ ሌላ የሚያስል አለ?»

«የለም» አለ አባቷ።

ትንሿ የሚስማሬ እህት ሦስት ዓመቷ ነው። ስታስል ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። እናታቸው ጉንፋን ነው ትላለች፤ ሕፃኗ ግን ምግብ ጠልታለች፣ ጨዋታም ትታለች፣ የምትተኛውም አባቷ ጎን ነው። ሚስማሬ አባቷ ቃሉን ያርማል ብላ ጠበቀች። እሱ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ያኔ ፍርሃቷን ንዴት በለጠው።

«ታናሽ እህቴ ታስላለች» አለች።

«ብርድ ነው» አለ አባቷ ፈጠን ብሎ።

«አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ካርዱም ውሸት ነው፣ ሲስተር። እያወቅሁ ነው የሞላሁት።»

ሲስተር አልጮኸችም። ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። «ሕፃኗን ነገ ጠዋት አምጡልኝ፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ አይደለም» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ካርዱን ወደ ሚስማሬ አዙራ ብዕሯን ሰጠቻት። «ያልዋጡባቸውን ቀኖች ዜሮ አድርጊልኝ። የምታውቂውን ብቻ። እንዳትገምቺ።»

ሚስማሬ ክኒኖቹን ካገኘችበት ቅዳሜ ጀመረች። ራይቱን ሰርዛ አጠገቡ ዜሮ ጻፈች። እሑድን ዘለለች፤ ሰኞን ዜሮ አደረገች። አባቷን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም፤ ትንፋሹን ግን ትሰማዋለች። ሁለት ሳምንት ያህል እንደሄደች የአባቷ ጣት ካርዱ ላይ አረፈ። ሊነጥቀኝ ነው ብላ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«ከዚያ በፊት ነው» አለ አባቷ። «እዚህ ጋ ነው የጀመርኩት።»

ጣቱ የቆመው ሦስተኛው ወር፣ አምስተኛው ቀን ላይ ነው። አፉን ከፍቶ ሲያሳያት «ጎበዝ አባቴ!» ብላው ራይት ካደረገችባቸው የመጀመሪያ ቀኖች አንዱ ነበር። ያን ቀን ከልቧ አምናው ነበር። ሚስማሬ ጣቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ብዕሩን ወደዚያ ቀን መለሰችና እንደገና ጀመረች።